ተንቀሳቃሽ ሂሳቤን ላዛወሩልኝ የባንክ ሠራተኛ ምስጋናዬ ይድረሳቸው

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በብሪታኒያ ለምትኖሩና የባንክ ሂሳባችሁ ነገር እንደ እኔ እንቅልፍ ለነሣችሁ ወገኖቼ ነው። ከሁሉ አስቀድሜ ግን ምስጋናዬን ማድረስ አለብኝ። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ2012 ጀምሮ የቆየሁበትን ባንክ ትቼ ባለፈው ወር ተንቀሳቃሽ ሂሳቤን ወደ ሌላ ባንክ ለማዛወር የበቃሁት በአንዲት የባንክ ሠራተኛ ትዕግሥትና ጥንቃቄ ነው። ስማቸው በአደባባይ እንዲነሣ ስላልወደዱ አልጠቅሰውም፤ የሚሠሩበትን ቅርንጫፍ በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ እንድናገር ግን ፈቅደውልኛልና ማንም ሳይሳቀቅ ይጠይቀኝ።

ይህን ያህል የማመሰግንበት ምክንያት እንዲገባችሁ ያለፈውን መናገር ግድ ይለኛል። በ2012 ባንክ ስቀይር ሁሉንም የሠራሁት በራሴ እጅ ነበር። አዲስ ሂሳብ ከፈትኩ፤ ለአሠሪዬ፣ ለቤት አከራዬ፣ ለመብራትና ለጋዝ ድርጅቱ አንድ በአንድ ደወልኩ፣ ደብዳቤም ጻፍኩ፤ ሁሉም ያለቀ ሲመስለኝ አሮጌውን ሂሳብ አዘጋሁ። ለአካባቢው አስተዳደር የሚከፈለውን የቤት ግብር፣ የካውንስል ታክሱን ግን ረስቼው ኖሯል። ክፍያው ከተዘጋው ሂሳብ ሊቆረጥ አልቻለም፤ ብዙም ሳይቆይ በ7 ቀን ውስጥ ካልከፈልኩ የዓመቱን ቀሪ ዕዳ በአንድ ጊዜ ልጠየቅ እንደምችል የሚያስጠነቅቅ ደብዳቤ መጣልኝ። ያን ደብዳቤ ያነበብኩት ከሌሊት ተረኝነት ወጥቼ፣ ኮቴን ሳላወልቅ፣ በሩ ሥር ቆሜ ነበር። ሁለተኛ ባንክ አልቀይርም ብዬ የማልኩትም ያን ጊዜ ነው።

እንዲህ ብዬ በማልኩ በዓመቱ፣ በሴፕቴምበር 2013፣ የአገሪቱ ባንኮች የተንቀሳቃሽ ሂሳብ ማዛወሪያ አገልግሎት በጋራ ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ ደንበኛው የሚጠይቀው አዲሱን ባንክ ብቻ ነው። አዲሱ ባንክ ከአሮጌው ጋር ተነጋግሮ ቀሪውን ገንዘብ፣ ቋሚ የክፍያ ትእዛዞቹንና በዳይሬክት ዴቢት (ድርጅቶች በደንበኛው ፈቃድ ራሳቸው ከሂሳቡ በሚወስዱበት መንገድ) የሚቆረጡትን ክፍያዎች በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ያዛውራል፤ አሮጌውም ሂሳብ በዚያው ይዘጋል። እስካሁን ከ10 ሚሊዮን በላይ ሂሳቦች በዚህ መንገድ ተዛውረዋል። እኔ ግን ያ ደብዳቤ ካስደነገጠኝ በኋላ ስለ ጉዳዩ ጠይቄም አላውቅም ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ይቆጨኛል።

በእኔ ላይ የተደራረበው ችግር ደግሞ የስም ጉዳይ ነበር። ይህ የብዙዎቻችን ጉዳይ ስለሆነ ጥቂት እቆይበታለሁ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ያለን የራስ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ነው። ወደዚህ አገር እንደመጣሁ በተሰጠኝ ወረቀት ላይ የአያቴ ስም እንደ ቤተሰብ ስም ተጻፈ፤ የባንክ ሂሳቤም በዚያው ስም ተከፈተ። ኋላ ያወጣሁት ፓስፖርት ግን የአባቴን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይዞ መጣ። በዚያ ላይ በአባቴ ስም ውስጥ ያለችው «ቀ» በአንዱ ሰነድ በኬ፣ በሌላው በኪው ተጽፋለች። ለዓመታት ማንም ምንም አላለኝም። ባንኮች የተቀባዩን ስም ከሂሳቡ ስም ጋር ማመሳከር ከጀመሩበት ከ2020 ወዲህ ግን ገንዘብ ሊልክልኝ የሚሞክር ሰው ሁሉ «ስሙ አይመሳሰልም» የሚል ማስጠንቀቂያ ይወጣበት ጀመር። የእቁባችን ሰብሳቢ ዕጣዬ የደረሰ ጊዜ ገንዘቡን ሊልኩልኝ ሦስት ጊዜ ሞክረው አልሆን ሲላቸው የሌላ ሰው ሂሳብ እንድሰጣቸው ጠየቁኝ። ስንት ሌሊት ቆሜ ያጠራቀምኩትን የራሴን ገንዘብ በሰው ሂሳብ ስቀበል የተሰማኝን ኀፍረት አልረሳውም።

የቀድሞው ባንኬ ስሜን እንዲያስተካክልልኝ ሦስት ዓመት ያህል ለምኛለሁ። ስደውል ሙዚቃ እያሰሙ ያቆዩኝና በመጨረሻ «በአካል ቅርንጫፍ ይቅረቡ» ይሉኛል። እኔ የምሄድበት ቅርንጫፍ ግን ተዘግቷል፤ በዚህ አገር ከ2015 ወዲህ ከተዘጉት ከ6,000 በላይ የባንክ ቅርንጫፎች አንዱ ነው። አንድ ቀን ፈቃድ ወስጄ፣ በሁለት አውቶቡስ ተሳፍሬ ወደ ሌላ ቅርንጫፋቸው ብሄድ ቀጠሮ የለዎትም ብለው መለሱኝ። በቀጠሮዬ ቀን ስመለስ ያስተናገደኝ ወጣት ሁለቱን ሰነዶች ገና በእጁ እንደያዘ «እነዚህ የሁለት የተለያዩ ሰዎች ወረቀቶች ናቸው» አለኝ። ሰው በገዛ ስሙ ሌባ መስሎ ሲታይ ምን ይላል? ምንም ሳልል ወረቀቶቼን ሰብስቤ ወጣሁ።

ከዚያም ዘመዶቼ ስለ ማዛወሪያ አገልግሎቱ ነገሩኝና ሌላ ባንክ በስልኬ አመለከትኩ። ሁለት ጊዜ ጠየቅኩ፣ ሁለት ጊዜም የሰጠሁት መረጃ እንደማይዛመድ የሚገልጽ አጭር መልእክት ደረሰኝ። የትኛው መረጃ ከየትኛው ጋር እንደማይዛመድ አልተጻፈም፤ ብጠይቅም የሚነግረኝ አላገኘሁም። እንግዲህ እዚህች ሴት ጠረጴዛ ዘንድ የደረስኩት እንዲህ ተንከራትቼ፣ ተስፋዬም ተሟጦ ነው።

ወረቀቶቼን ሁሉ በአንድ ፌስታል ይዤ ነበር። ጠረጴዛቸው ላይ ዘረገፍኳቸው። «ይህን አስተካክለው ይምጡ» ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ እርሳቸው መነጽራቸውን አደረጉና ራሳቸው አንድ በአንድ ይደረድሩ ጀመር። ከዚያም የባንክ መግለጫውንና ፓስፖርቱን ጎን ለጎን አስቀመጡ፤ ከመሳቢያቸው የፕላስቲክ ማስመሪያ አወጡና ከስሜ ሥር አጋድመው በእርሳስ ጫፍ ፊደል በፊደል ያነጻጽሩ ገቡ። ኬዋና ኪዋ ላይ ሲደርሱ እርሳሱ ቆመ። ቀና ብለው «ከእነዚህ ውስጥ የእርስዎ የራስዎ ስም የትኛው ነው? በቤትዎ ማን ብለው ይጠሩዎታል?» አሉኝ። በዚህ አገር በኖርኩበት ዘመን ሁሉ በአንድ መሥሪያ ቤት እንዲህ ተብዬ የተጠየቅኩት ያን ቀን ብቻ ነው። የራሴን፣ የአባቴንና የአያቴን ስም ከፍዬ ስነግራቸው በሦስት መስመር ጻፉት፤ በየመስመሩ አጠገብም የማን ስም እንደሆነ አመለከቱ። «ቅጹ ላይ ያለው ቦታ ሁለት ነው፤ እርስዎ የያዙት ስም ሦስት ነው፤ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም» ሲሉኝ ዐይኔ እንባ አቀረረ። ያየሁትን ሁሉ ውጣ ውረድ ያቀለለልኝ ይህ አንድ ቃል ነበር።

ከዚያ ቀጥለው ሥራውን ያዙት። ማዛወሩ እንዲሳካ በሁለቱም ባንኮች ያለው ስም አንድ መሆን እንዳለበት፣ ስለዚህም አስቀድሞ የአሮጌው ባንክ መዝገብ መታረም እንዳለበት አስረዱኝ። ደብዳቤውንም አብረውኝ አረቀቁ። ከላይ «ቅሬታ» የሚለውን ቃል በግልጽ እንድጽፍ አጥብቀው ነገሩኝ፤ ባንኩ ለቅሬታ በ8 ሳምንት ውስጥ የመጨረሻ መልስ ካልሰጠኝ ጉዳዩን ያለ ምንም ክፍያ በደንበኛና በባንክ መካከል ያለ ክርክርን ወደሚዳኘው ገለልተኛ አካል፣ ወደ ፋይናንሺያል ኦምቡድስማን የመውሰድ መብት አለኝና። ደብዳቤውን በአደራ ፖስታ ልኬ ደረሰኙን እንድይዝም አሳሰቡኝ። ሦስት ዓመት የለመንኩት እርማት በ12 ቀን ተፈጽሞ መጣ። በኮምፒውተራቸው ምን እንደሠሩ፣ ሁለቱ ባንኮች እንዴት እንደሚነጋገሩ አሁንም አልገባኝም፤ መግባትም አላስፈለገኝም።

የሚዛወርበትን ቀን የሚመርጠው ደንበኛው ነው። እኔ «በቶሎ ይሁን» ስል እርሳቸው ግን የቀን መቁጠሪያ አውጥተው ደመወዜ በስንት እንደሚገባ፣ የቤት ኪራይና የካውንስል ታክስ በስንት እንደሚቆረጥ ጠየቁኝ፤ ሁሉንም ከከበቡ በኋላ በወሩ አጋማሽ ላይ ምንም ያልተጻፈበት አንድ ረቡዕ አገኙ። ከ2012 ጀምሮ የካውንስል ታክስ ሲባል ልቤ እንደሚመታ አልነገርኳቸውም ነበር፤ ነገር ግን መጀመሪያ ያሰመሩበት እርሱኑ ነው።

አገልግሎቱ የማይሸፍነውንም አልደበቁኝም፤ ይህን በተለይ ልብ በሉልኝ። የቁጠባ ሂሳብ በዚህ መንገድ አይዛወርም። የካርድ ቁጥራችሁን ሰጥታችሁ በየወሩ የሚቆረጥባችሁ ክፍያም እንደ ዳይሬክት ዴቢት አብሮ አይሄድም፤ አዲሱን ካርድ ለየድርጅቱ ራሳችሁ መስጠት አለባችሁ። እኔ ሁለት ነበሩኝ፤ የሦስት ወር መግለጫዬን እያገላበጡ ያገኙልኝ እርሳቸው ናቸው። አሮጌው ሂሳብ ሲዘጋ በስልክ መግባትም ስለሚቋረጥ የድሮ መግለጫዎቼን አስቀድሜ እንዳወርድ መከሩኝ፤ ለቪዛም ሆነ ለቤት ኪራይ ማመልከቻ መግለጫ የተጠየቀ ሰው ይህ ምክር ምን ያህል እንደሚጠቅም ያውቃል። ሂሳቡ የባልና ሚስት የጋራ ከሆነ ሁለቱም መስማማት አለባቸው፤ ኦቨርድራፍት (ከሂሳቡ ካለው ገንዘብ በላይ ያወጣው ዕዳ) ያለበት ሰው ደግሞ አስቀድሞ ከአዲሱ ባንክ ጋር መነጋገር ይኖርበታል።

ያ ረቡዕ ሲደርስ ጠዋት ከሥራ እየወጣሁ ስልኬ ላይ መልእክት አገኘሁ። ገንዘቤ ሳይጎድል አዲሱ ሂሳብ ውስጥ ነበር፤ ክፍያዎቼም በዝርዝር ተቀምጠዋል። ከሰዓት በኋላ እኚሁ ሴት ራሳቸው ደውለው «ሁሉም ደርሷል? ካርዱን ሞከሩት?» ብለው ጠየቁኝ። ማንም አላስገደዳቸውም። ከሁለት ሳምንት በኋላ የቀድሞ አሠሪዬ ያልወሰድኩትን የእረፍት ቀን ክፍያ በአሮጌው የሂሳብ ቁጥር ላከ፤ ጠፋ ብዬ ስደነግጥ አዲሱ ሂሳቤ ውስጥ ገብቶ አገኘሁት። ወደ አሮጌው ቁጥር የሚላክ ገንዘብ ቢያንስ ለ3 ዓመት እየተከተለ ወደ አዲሱ እንደሚመጣ አስቀድመው ነግረውኝ ነበር። በማዛወሩ ስሕተት የተነሣ ወለድ ወይም ቅጣት ቢቆረጥብኝም አዲሱ ባንክ እንደሚመልስልኝ ዋስትና አለው።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ባንካችሁ እያንገላታችሁ «የለመድኩት ሰይጣን ይሻለኛል» ብላችሁ የተቀመጣችሁ ካላችሁ እባካችሁ አትቀመጡ። በተለይ ስማችሁ በየሰነዱ የተለያየባችሁ፣ በስልክ አመልክታችሁ የተመለሰባችሁ፣ ወደ እኚህ ሴት ሂዱ። ሁሉንም ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፤ ባይደረደርም ግድ የለም፣ እርሳቸው ይደረድሩታል። ደግሜ እላለሁ፣ ሂዱ። ለእርሳቸውም በዚሁ አጋጣሚ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ እላለሁ፤ አማርኛ ባያነቡም ይህን ጽሑፍ ተርጉሜ በእጃቸው እሰጣቸዋለሁ።

የፊታችን ማክሰኞ እኅቴን ይዣት እሄዳለሁ። የእርሷ ስም በአራት ሰነድ በአራት ዓይነት ነው የተጻፈው፤ ቀጠሮውን አስይዤላታለሁ፣ ወረቀቶቿንም ከወዲሁ አንድ ላይ አድርጋለች።