ባለ 12 ሊትሩ ዲሂዩሚዲፋየር በለንደን ወበቅ፦ ከአምስት ሦስት ኮከብ

ፍርዱን አስቀድሜ ልናገር፤ ረጅም ጽሑፍ የሚሰለቸው እዚህ ጋ ያቁም። ይህ ከክፍል አየር እርጥበት እየሳበ ውሃ አድርጎ የሚያወጣ ማሽን ልብስ ያደርቃል፣ ቁም ሳጥን ከሻጋታ ያድናል፣ ሰው ግን አያስተኛም። ሱቅ ውስጥ ከቬንትሌተሮቹ ጎን ተደርድሮ ስታዩት ቤት የሚያቀዘቅዝ ከመሰላችሁ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አቆዩት። እንዲያውም ያሞቃል። ያም ሆኖ ሦስት ኮከብ ሰጥቼዋለሁ፤ ምክንያት አለኝ።

እኔ ደቡብ ለንደን ውስጥ የሌሊት አውቶቡስ እነዳለሁ። ሌላው ሰው ሲነሣ ነው የምተኛው። ሌላውን ሰው ሰመር የሚፈትነው ማታ ነው፤ እኔን ግን እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይ መስኮቱ ላይ ቆማ። ቤቴ ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ መኝታ ክፍሉ ወደ ደቡብ ያያል። የእንግሊዝ ቤት ሲሠራ የታሰበው ሙቀት እንዳያመልጥ ነውና ጥር ላይ ትመርቀዋለህ፣ ሐምሌ ላይ ትረግመዋለህ።

የሥራ ባልደረቦቼ «ከአፍሪካ መጥተህ ይሄ ሙቀት ምን ያደርግሃል?» ይሉኛል። ከባሕር ወለል ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ያደገ የአዲስ አበባ ልጅ ወበቅ የት ያውቃል? ጥላ ሥር ስትገባ የሚበርድህ አገር ነው። በእኔ መሳቅ የሚችለው ጅቡቲ ወደብ የሠራው ጓደኛዬ ብቻ ነው፤ እሱም ይስቃል።

ማሽኑን ለመገምገም መጀመሪያ ጠላቱን ማወቅ ያስፈልጋል። የሙቀቱ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም። እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2022 ሊንከንሻየር ውስጥ ኮኒንግስቢ ላይ 40.3 ዲግሪ ተመዝግቦ የብሪታንያ ክብረ ወሰን ሲሰበር፣ ከሰዓት በኋላው አየር ደረቅ ነበር። ፊት ላይ እሳት ነው፣ ላቡ ግን ወዲያው ይተናል። እኔን የሚያሸንፈኝ 27 ዲግሪ ነው፤ የጤዛ ነጥቡ 20 የደረሰበት 27።

የጤዛ ነጥብ ማለት አየሩ እየቀዘቀዘ ሄዶ የያዘውን እርጥበት መሸከም አቅቶት ጤዛ መጣል የሚጀምርበት ዲግሪ ነው። ከፍ ባለ ቁጥር አየሩ ውስጥ ያለው ውሃ ብዙ ነው፣ ላባችንም የሚሄድበት ያጣል። በእኔ ቆዳ ልክ ስናገር 12 እና 13 ላይ ምንም አይሰማኝም። 16ን ሲያልፍ አንገቴ ሥር መጣበቅ ይጀምራል። 18 ላይ የሥራ ሸሚዜ ከመቀመጫው ጋር ይለጠፋል። 20 እዚህ አገር ብርቅ ነው፤ ሲመጣ ግን አንሶላው ራሱ ከገመድ ሳይደርቅ የወረደ ይመስላል።

ብዙ ሰው ስልኩ ላይ የሚያየው ግን አንጻራዊ እርጥበትን ነው፤ አየሩ በዚያ ሙቀት መያዝ ከሚችለው እንፋሎት ስንት በመቶውን እንደያዘ የሚናገረውን ቁጥር፤ እሱ ደግሞ ያታልላል። ከሥራ ስመለስ ንጋት ላይ ውጭ 17 ዲግሪና 95 በመቶ ይላል፤ ቤት ውስጥ 26 ዲግሪና 60 በመቶ። 95 ያየ ሰው መስኮቱን ይዘጋል። ወደ ጤዛ ነጥብ ሲመነዘር ግን የውጭው 16 ገደማ፣ የውስጡ 17 ተኩል ገደማ ነው። የቤቱ አየር ነው ብዙ ውሃ የያዘው! ያኔ መስኮቱን ሁሉ መበርገድ ነው። በተቃራኒው እኩለ ቀን ላይ ውጭ 27 ዲግሪና 65 በመቶ ሲል፣ ቁጥሩ ከንጋቱ ቢያንስም የጤዛ ነጥቡ 20 ነው፤ መስኮት ከፈትክ ማለት ውሃ አስገባህ ማለት ነው።

የውጭውን የጤዛ ነጥብ በነጻ የማገኘው ከአውሮፕላን ማረፊያ ነው። ሂትሮው በየግማሽ ሰዓቱ ለአብራሪዎች የሚያወጣው ሜታር የሚባል አጭር የአየር ዘገባ አለ፤ ኢንተርኔት ላይ ማንም ያየዋል። በውስጡ 24/19 የሚመስል ነገር ታገኛላችሁ፦ የመጀመሪያው ሙቀቱ፣ ሁለተኛው የጤዛ ነጥቡ። እኔ ፌርማታ ላይ ቆሜ ከመልእክቶቼ በፊት እሱን የማይ ሰው ሆኛለሁ።

ወበቁ ከየት ይመጣል ላላችሁኝ፣ ወይ ከደቡብ ምዕራብ በሞቀ አትላንቲክ ላይ ሲንከባለል ከመጣ አየር ነው፣ ወይ ከስፔን ተነሥቶ በፈረንሳይ ላይ ሽቅብ ከሚገፋው። አየር አንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ወደ 7 በመቶ ተጨማሪ እንፋሎት መያዝ ይችላል። የ2025 ሰመር አማካይ ሙቀቱ 16.1 ዲግሪ ሆኖ፣ መዝገቡ ከተጀመረበት ከ1884 ወዲህ የብሪታንያ ሞቃቱ ሰመር ተብሏል። በዙሪያው ያለው ባሕርም ከወትሮው ሞቆ ነበር፣ ሌሊቶቹም እንደ ድሮው አልቀዘቀዙም። እንግዲህ ሰው ሁሉ ማሽን ፍለጋ ቢወጣ አይፈረድበትም።

ወደ ዕቃው ልምጣ። ነጭ ነው፣ ጎማ እግር አለው፣ ከጉልበት ትንሽ ከፍ ይላል፣ 150 ፓውንድ ገደማ ከፍያለሁ። ውስጡ የፍሪጅ አሠራር ነው። ኮምፕሬሰሩ አንዱን ጥቅል ቱቦ ከጤዛ ነጥቡ በታች ያቀዘቅዘዋል፣ ቬንትሌተሩ የክፍሉን አየር በላዩ ያሳልፋል፣ ውሃው ተንጠባጥቦ ታንክ ውስጥ ይወርዳል። የደረቀው አየር ከዚያ በሞቀው ቱቦ ላይ አልፎ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። ቁልፉ እዚህ ላይ ነው፤ ኤርኮንዲሽነር ሙቀቱን በቱቦ ወደ ውጭ ይጥላል፣ ይሄኛው እዚያው እናንተ ክፍል ውስጥ ይተወዋል።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው 12 ሊትር በቀን፣ 30 ዲግሪና 80 በመቶ እርጥበት ባለበት ክፍል የተለካ ነው። እንዲህ ያለ መኝታ ቤት ያለው ሰው ማሽን ሳይሆን ሐኪም ነው የሚያስፈልገው። በእኔ ክፍል በአራት ሰዓት አንድ ሊትር ያህል ያወጣል፣ በቀን ሲሰላ ስድስት ገደማ። ይህን እንደ ማጭበርበር አልቆጥረውም፣ አብዛኛው አምራች በዚያው መለኪያ ነው የሚለካው፤ ግን ቁጥሩን በግማሽ ቀንሳችሁ አንብቡት።

የሙቀቱ ሒሳብ ደግሞ እንዲህ ነው። ማሽኑ ወደ 200 ዋት ይበላል፤ ያ ሁሉ መጨረሻው ሙቀት ነው። በዚያ ላይ እንፋሎት ወደ ውሃ ሲመለስ፣ ሲተን የወሰደውን ሙቀት መልሶ ይለቃል፦ በሊትር 0.68 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ። ሲደመር 370 ዋት አካባቢ ይሆናል። በወበቅ ቀን ትንሽ ማሞቂያ አብርቶ መተኛት ማለት ነው።

ሞክሬዋለሁ። በርና መስኮት ዘግቼ 27 ዲግሪና 66 በመቶ ላይ አስነሣሁት። ከሦስት ሰዓት በኋላ ክፍሉ 29 ዲግሪና 50 በመቶ ሆነ። የጤዛ ነጥቡ ከ20 ወደ 17 ተኩል ወርዷል፤ ቆዳዬ አይጣበቅም፣ ትራሱ ደረቅ ነው። ግን 29 ዲግሪ ነው። ቁጭ ብሎ ለማንበብ ከበፊቱ ይሻላል፤ ለመተኛት አይሻልም። ከላይ ፎቅ ያሉት እትዬ መጥተው በሩ ላይ እንደቆሙ «ልጄ፣ ይሄ ነገር ያሞቃል እንጂ መቼ አበረደ?» አሉኝ። እኔ በሁለት አንቀጽ ያስረዳሁትን እሳቸው በእጃቸው አየሩን ዳስሰው ጨረሱት።

አንድ የገረመኝን ነገር ልጨምር። 30 ሜትር ኩብ የሆነ መኝታ ክፍል ውስጥ በዚያ ወበቅ ያለው እንፋሎት ሁሉ ተጨምቆ ቢወጣ ግማሽ ሊትር ቢሆን ነው። ታንኩ ግን 2 ሊትር ሞልቶ ይጮኻል። ቀሪው የሚመጣው ከፍራሹ፣ ከግድግዳው፣ ከተሰቀለው ልብስ፣ ከእኛ ትንፋሽና በየክፍተቱ ከሚገባው የውጭ አየር ነው። ስለዚህ መስኮት ከፍቶ ማስነሣት የለንደንን ሰማይ ለማድረቅ መሞከር ነው፤ ቆጣሪው ብቻ ይዞራል። እናቴ በስልክ ስለ ውሃው ስነግራት «ታዲያ ቡና አፍላበት እንጂ» አለችኝ። አይሆንም እማዬ፤ ከክፍሉ አቧራ ጋር ታንክ ውስጥ የተኛ ውሃ ነው፣ አበባ ይጠጣው።

ታዲያ ሦስቱ ኮከቦች ከየት መጡ? ከመታጠቢያ ክፍሉ። ማሽኑን ከታጠበ ልብስ ጋር እዚያ ከተትኩት፣ በሩን ዘጋሁ፣ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። በወበቅ ሳምንት ከመስኮቱ አጠገብ ሁለት ቀን ሙሉ እርጥብ ሆኖ የሚሸት ሸሚዝ፣ ምሳ በልቼ ስነሣ ደርቆ አገኘዋለሁ። እዚህ ሙቀቱ ጠላት መሆኑ ቀርቶ ሥራ ያግዛል። ጋቢውን እንኳ አደረቀው! ጋቢ በእንግሊዝ ሰመር አጥቦ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፤ ድርቡ ውስጥ የቀረች እርጥበት ቤቱን ሙሉ ታሸታለች።

ሌላው ጥሩ ቀን ነጎድጓድ ካለፈ በኋላ ያለው ነው። ውጭ ዝናብ፣ ቤት ውስጥ 21 ዲግሪና 80 በመቶ። የሚያሞቅህ የለም፣ ግን ሁሉ ነገር ርሷል። በዚህ ቀን መኝታ ክፍል ብታስነሡት የሚጨምረው ዲግሪ አይጎዳም፣ አልጋውም ይደርቃል። ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ያለው ግድግዳም ጥቁር ነጥብ ማውጣቱን አቁሟል። ስለዚያ ግድግዳ አከራዬን ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ «መስኮት ክፈት» የሚል ነበር፤ የትኛውን ሰዓት እንደሆነ ግን አልተነገረኝም።

ለእንጀራ አይረዳም፤ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ነው። እንጀራ ራሱ እርጥብ ነውና የወጥ ቤቱን አየር ብታደርቁለትም በ27 ዲግሪ ይሻግታል። ፍሪጅ አስገቡት። በርበሬና ሽሮ እንዳይቋጠር የሚያድነው ደግሞ ጥብቅ ክዳን ነው፣ 150 ፓውንድ አይጠይቅም።

ድምፁ ይታገሡታል፣ ኮምፕሬሰሩ ሲነሣና ሲያርፍ ግን እንቅልፍ ይሰብራል። እንጨት ወለል ላይ ከሆነ የታችኛው ጎረቤት ጣሪያ ላይ ይንቀጠቀጣልና ከሥሩ ወፍራም ምንጣፍ አድርጉ። ማጣሪያውን በየሁለት ሳምንቱ በውሃ ማጠብ ነው። ኤሌክትሪኩ አያስፈራም፤ በኪሎዋት ሰዓት 26 ፔንስ ገደማ ቢታሰብ ስምንት ሰዓት ሲሠራ 42 ፔንስ ያህል ይሆናል። የዒላማውን እርጥበት 50 ወይም 55 ላይ አድርጉት። 40 ላይ ያደረገው ሰው ማሽኑ ሲያርፍ አያይም።

እንቅልፌን የታደገኝ ሌላ ዕቃ ነው፣ ከኮከቦቹ አንዱን ሰርቆ ለእሱ መስጠት ቢቻል እሰጠው ነበር፦ 10 ፓውንድ የገዛኋት የእርጥበት መለኪያ። ዲግሪውንም በመቶኛውንም ታሳያለች፣ ስልኬ የጤዛ ነጥቡን ያሰላዋል። ንጋት ላይ ስገባ የእሷን ቁጥር ከሂትሮው ጋር አስተያያለሁ። የውጭው ካነሰ ፊትና ኋላ ያለውን መስኮት ሁሉ እከፍታለሁ፣ ፀሐይ ሳትጠና ዘግቼ ወፍራሙን መጋረጃ እጥላለሁ፣ ቬንትሌተሩን ወደ እግሬ አዙሬ እተኛለሁ። የውጭው 19 እና 20 በሆነበት ንጋትም እከፍታለሁ፣ ቢያንስ ቅዝቃዜው ይግባ፤ ማሽኑ በዚያን ቀን መታጠቢያ ክፍሉን አይለቅም።

በቀን የግድ ቀዝቃዛ ክፍል ያስፈልገኛል የሚል፣ ሕፃን ወይም የታመመ ያለበት ቤት፣ ቱቦ ያለውን ተንቀሳቃሽ ኤርኮንዲሽነር ይመልከት። ዋጋው የዚህ እጥፍና ከዚያ በላይ ነው፣ ወደ አንድ ኪሎዋት ይበላል፣ እንደ አሮጌ አውቶቡስ ይጮኻል። የእንግሊዝ መስኮት ብዙውን ጊዜ ወደ ውጭ ስለሚከፈት ቱቦው የሚያልፍበትን ቀዳዳ በጨርቅ መሸፈኛ ማሸግም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ግን ሙቀቱንም ውሃውንም ከቤት ያወጣል።

ይህኛውን የምትገዙ ከሆነ በወበቁ ሳምንት አትሂዱ፤ መደርደሪያው ባዶ ነው፣ የቀረውም ውድ ነው። ስትመርጡም ኮምፕሬሰር ያለው መሆኑን አረጋግጡ። እርጥበቱን በሚመጥ ዱቄት መሰል ማዕድን የሚሠራ ሌላ ዓይነት አለ፤ ቀለል ይላል፣ ድምፁም ያነሰ ነው፣ ለቀዝቃዛ ጋራዥ ጎበዝ ነው፣ ነገር ግን ማዕድኑን መልሶ ለማድረቅ ውስጡ ማሞቂያ ስላለው የሚተፋው አየር ከዚህም ይብሳል።