ለሱቃችሁ ሲስተም ልትገዙ ነው? ትንሹ ወይስ ትልቁ?

ጅማ ላይ ፋርማሲ፣ የግንባታ ዕቃ መደብር ወይም የቡና መጋዘን ካላችሁ የሚቀርብላችሁ ሲስተም በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ እዚያው ባንኮኒው ላይ ባለው ኮምፒውተር የሚሠራ፣ መረጃውን ሁሉ በአንድ ፋይል የሚይዝ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ሌላው ክላውድ ላይ፣ ማለትም በኢንተርኔት በሚደረስበት የሌላ ድርጅት ኮምፒውተር (ሰርቨር) ላይ የተቀመጠ ነው፤ ሽያጩ ለብቻ፣ ስቶኩ ለብቻ፣ ሪፖርቱ ለብቻ ተከፋፍሎ በብዙ ሰርቨሮች ይሠራል፣ “ነገ መቶ ቅርንጫፍ ብትከፍቱም ይችላል” ተብሎም ይሸጣል። ሶፍትዌር ስሠራ ብዙ ዓመቴ ነው፣ ሁለቱንም ገንብቻለሁ። ለአብዛኞቻችሁ የሚበጀው ትንሹ ነው።

በአቅም እንጀምር፣ ሻጮች የሚያስፈራሩት በሱ ስለሆነ። በቀን 10 ሰዓት ሠርቶ 300 ደንበኛ የሚያስተናግድ ፋርማሲ በየ2 ደቂቃው አንድ ሽያጭ ይመዘግባል፣ በቃ። ትንንሾቹ ሲስተሞች ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙት ኤስኪውላይት የሚባለውን ነጻ ዳታቤዝ (የመረጃ ማከማቻ) ነው። ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፤ ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክም ይጠቀምበታል። የራሱ ድረ ገጽ በቀን ከ400 ሺህ በላይ ጥያቄ ያስተናግዳል፣ ከነዚህ ውስጥ ዳታቤዝ የሚፈልጉትም የሚሠሩት በዚሁ ነው። የጅማ መርካቶ ውስጥ ይህን የሚያስጨንቅ ሱቅ የለም።

ትልልቆቹም ቢሆኑ ወደ ቀላሉ ሲመለሱ አይተናል። አማዞን ፕራይም ቪዲዮ የቪዲዮ ጥራት መቆጣጠሪያውን ከተበታተነ አሠራር ወደ አንድ ፕሮግራም ሰብስቦ ወጪውን ከ90 በመቶ በላይ እንደቀነሰ በ2023 እ.ኤ.አ. ራሱ አሳውቋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ኔትወርክ ሲጠፋ ምን ይሆናል? ትንሹ ምንም አይሆንም፣ ሽያጩ ይቀጥላል። ክላውዱ ግን ያለ ኔት እንዲሠራ ታስቦ ካልተገነባ ወረፋው ቆሞ እናንተ ወረቀት ትፈልጋላችሁ። በሰኔ 2012 መጨረሻ ኢንተርኔት በአገሪቱ ተዘግቶ ሳምንታት የቆየበትን ጊዜ አስታውሱ። መብራት ሲሄድ ደግሞ ትንሹን አንድ ዩፒኤስ (ኮምፒውተሩን ለጊዜው የሚያቆይ ባትሪ) ይይዘዋል፣ ክላውዱ ግን ኮምፒውተሩም ራውተሩም መብራት ይፈልጋሉ፣ ሁለቱ በርተው እንኳ ከከተማው ውጭ ያለው መስመር ሊቋረጥ ይችላል።

ዋጋው ላይም ተጠንቀቁ። ትንሹን አንዴ ትገዛላችሁ፣ ለጥገና ብቻ ትከፍላላችሁ። የውጭ ክላውድ ኪራይ ግን በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪው ገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ሽያጫችሁ በብር ሆኖ የኪራይ ሂሳቡ እንዲህ ሲዘል አስቡት።

ሌላው ነገር ጥገና ነው፣ እኔን በጣም የሚያሳስበኝም እሱ ነው። አንድ ፋይልና አንድ ፕሮግራም ያለው ሲስተም ሲበላሽ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ የሆነ ወጣት ፕሮግራመር ቁጭ ብሎ አንብቦ ችግሩን ያገኘዋል። ዐሥር ቦታ የተከፋፈለው ሲበላሽ ግን የትኛው ክፍል እንደወደቀ ለማወቅ ብቻ ግማሽ ቀን ይሄዳል፣ የሠራው ሰው አዲስ አበባ ሆኖ ስልክ ካላነሳ ደግሞ የሚነካው ሰው የለም።

ትንሹ የማይሆንበት ቦታም አለ። ኤስኪውላይት በአንድ ጊዜ መረጃ እንዲጽፍበት የሚፈቅደው ለአንድ ብቻ ነው፣ ሌላው ተራ ይጠብቃል፣ ፋይሉን በኔትወርክ ለብዙ ኮምፒውተር ማጋራትም ሊያበላሸው ይችላል። ጅማም አጋሮም በደሌም መጋዘን ኖሯችሁ የሁሉንም ስቶክ በየደቂቃው ማየት ካለባችሁ አንድ ማዕከላዊ ሰርቨር ያስፈልጋችኋል። ያኔም ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ የተጫነበት አንድ ሰርቨርና አንድ ፕሮግራም ይበቃችኋል። ዐሥር ቦታ የተከፋፈለውን እሺ እንዳትሉ።

ትንሹን ከመረጣችሁ ባክአፕ (የመረጃው መጠባበቂያ ቅጂ) የናንተ ሥራ ነው። ኮምፒውተሩ ሊሰረቅ፣ ዲስኩ ሊሞት ይችላል። ፕሮግራሙ ማታ ማታ ራሱ ወደ ፍላሽ እንዲገለብጥ አድርጉ፤ ሽያጭ እየተመዘገበ ፋይሉን በእጅ ኮፒ ማድረግ የተበላሸ ቅጂ ሊሰጣችሁ ስለሚችል የዳታቤዙን የራሱን ባክአፕ ይጠቀም። ፍላሹ ከሱቅ ወጥቶ ቤት ይደር።

ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን ሁለት ነገር አስደርጉት። የኔት ገመዱን ንቀሉና ፊታችሁ ሽያጭ ይመዝግብ። ከዚያ የትናንቱን ባክአፕ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ይክፈትላችሁ፣ ካልተከፈተ ቀሪውን ክፍያ አትስጡ።