የእናቴን ጓዳ ከኢንተርኔት ጋር ላገናኘልን ባለሙያ

እናቴ ዋሽንግተን ካለችው እህቴ ጋር እየተያዩ ለማውራት ጋቢዋን ተከናንባ በረንዳ ላይ ትቀመጥ ነበር። ጓዳ ከገባች ምስሉ ቀጥ ይላል፣ ድምፁ ይቆራረጣል። የተከራየነው ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ ያለ አሮጌ የድንጋይ ቤት ነው፤ ወፍራሙ ግድግዳ የዋይፋይ ሞገድ አያሳልፍም። ቀደም ሲል የጠራነው ሰው ሪፒተር (የዋይፋይ ሞገድ ተቀብሎ መልሶ የሚያሰራጭ ዕቃ) ሸጦልን፣ አልጋዋ ራስጌ ሰክቶ ሄደ። ምንም ለውጥ አላመጣም።

ያለፈው ቅዳሜ የመጣው ወጣት ግን አንድም ዕቃ ሳይነካ በፊት ስልኩን ይዞ ክፍል በክፍል እየዞረ የዋይፋዩን ጥንካሬ ለካ። ራውተሩ አጠገብ -38፣ እናቴ አልጋ ዘንድ -86። «እማማ፣ ቁጥሩ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ነው ጥሩ የሚሆነው» ብሎ አስረዳት። ሪፒተሩም የደረሰውን ብቻ መልሶ የሚያስተላልፍ በመሆኑ፣ ምንም በማይደርስበት ጓዳ ውስጥ ሊሠራ እንደማይችል ነገረን።

ከዚያ «አሮጌ ራውተር ይኖራችኋል?» አለ። አዲስ ግዙ ሊለን ይችል ነበር፤ አላለም። መሳቢያ ውስጥ የተረሳውን አውጥቶ፣ ለስልኮቹ የኔትወርክ አድራሻ (አይፒ) የማደሉን ሥራ ለዋናው ራውተር ብቻ ትቶ፣ የሁለቱንም የዋይፋይ ስምና የይለፍ ቃል አንድ አደረገው። ሞገዳቸው እንዳይረባበሽም አንዱን በቻናል (የሞገድ መስመር) 1፣ ሌላውን በቻናል 11 አስተካከለ። ሁለቱን ራውተሮች ለማገናኘት ከዋናው እስከ ጓዳው 18 ሜትር ኬብል ከመብራት ገመዱ አርቆ በኮርኒስ ውስጥ አሳለፈ። አከራያችን ግድግዳው እንዳይበሳ ሰግተው አጠገቡ ቆመው ነበር። «እትዬ፣ አዲስ ቀዳዳ አልከፍትም» አላቸውና በድሮው የስልክ መስመር ቀዳዳ አስገባው። ቤቱን ስንለቅም ኬብሉን ስበን ይዘነው መሄድ እንችላለን።

ሲጨርስ አልጋው ዘንድ እንደገና ለካ፤ -47። የተቀበለን የኬብሉን ዋጋ በደረሰኝና የእጁን ብቻ ነው። የኮርኒሱን አቧራ እንኳ ጠርጎ ነው የወጣው።

በዚያው ምሽት እናቴ ትራስ ተደግፋ፣ የልጅ ልጇ የወለቀ ጥርሱን ይዞ ሲያሳያት ደጋግማ መረቀችው። ወንድሜ፣ አንተንም መርቃሃለች፤ እጅህ ይባረክ።

በአሮጌ ቤት ተከራይታችሁ የተቸገራችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ስልኩን እንድሰጥ ፈቅዶልኛል። በሥራ ቀናት ስለማይመቸው የሚመጣው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላና እሑድ ነው። አሮጌ ራውተር ካላችሁ ከመምጣቱ በፊት ፈልጋችሁ አዘጋጁለት።