ጁኖ፣ አላስካ፦ መርከቦቹ ሲሄዱ እናንተ እደሩ

ሲያትል የምንኖር ሐበሾች ስለ አላስካ ያለን ነገር ያስቀኛል፣ ሰመር በመጣ ቁጥር መርከቦቹ ከደጃችን ሲነሱ እያየን "አንድ ቀን በክሩዝ እንሄዳለን" እንላለን፣ ከዛ ሰመሩ ያልቃል። እኔ ዘንድሮ እማዬን ይዤ በአውሮፕላን ሄድኩ፣ ጁኖ ብቻ፣ አድረን ነው የመጣነው፣ እና ሰው ሁሉ "ያዋጣል ወይ?" እያለ ስለሚጠይቀኝ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። ባጭሩ ከ5 4 እሰጣታለሁ፣ አንዷን ያስቀነሳት ዋጋው ነው።

ለማያውቅ ሰው፣ የአላስካ ዋና ከተማ ጁኖ ናት፣ አንኮሬጅ አይደለችም። ሕዝቧ 32 ሺህ አካባቢ ነው፣ እና ከሌላ ከተማ ወደሷ የሚመጣ የመኪና መንገድ የለም። የስቴት ዋና ከተማ ሆና በመኪና አይገባባትም፣ ወይ ትበራላችሁ ወይ በውሃ ትመጣላችሁ። ፊት ለፊቷ ባሕር፣ ከጀርባዋ ቀጥ ያለ ተራራ፣ ከተራራው ኋላ ደግሞ ስፋቱ የማያልቅ በረዶ። ተራራው በሙሉ ደን ነው፣ ቶንጋስ የሚባለው፣ ወደ 17 ሚሊዮን ኤከር የሚጠጋ፣ አሜሪካ ውስጥ ካሉት ብሔራዊ ደኖች ትልቁ። ዛፉ እስከ ቤቶቹ ጓሮ ድረስ ይወርዳል፣ አንዳንድ መንገድማ ዳገቱ ስለበዛ አስፋልት መሆኑ ቀርቶ የእንጨት ደረጃ ሆኗል፣ ጉልበት ያመመው ሰው ሆቴል ሲይዝ ከታች በኩል ይያዝ።

በረራው ከሲያትል ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ማረፊያው ላይ ግን ልባችሁን ያዝ አድርጉ፣ አውሮፕላኑ በተራራ መሀል ደመና ውስጥ ገብቶ ነው የሚወርደው። አላስካ ኤርላይንስ በሳተላይት እየተመራ ማረፍ የጀመረው እዚሁ ጁኖ ነው በ1996፣ ከዛ በፊት ጉም ሲሆን ሳያርፍ አልፎ የሚሄደው ብዙ ነበር፣ አሁንም ቢሆን አልፎ አልፎ ይሆናል አሉ። እማዬ መስኮቱን ዘጋችና ውዳሴ ማርያሟን ቀጠለች፣ እኔ ግን መስኮት ዳር ተቀመጡ ነው የምለው።

አሁን ዋናው ነገር። ቀን ላይ መሀል ከተማውን ያየ ሰው ጁኖን አላየም። መርከቦቹ ጠዋት ይመጡና ከዛች ትንሽ ከተማ ፊት እንደ ኮንዶሚኒየም ይደረደራሉ፣ በ2023 ብቻ ከ1.6 ሚሊዮን በላይ ሰው ነው በክሩዝ የገባው፣ ከተማው አልቻለም፣ ከካምፓኒዎቹ ጋር ተስማምቶ ከ2024 ጀምሮ በቀን ከ5 ትልልቅ መርከብ በላይ እንዳይገባ ተደርጓል። አምስቱም ሲመጡ ግን ፍራንክሊን መንገድ ላይ ትከሻ ለትከሻ ነው የሚኬደው፣ ሱቁ ደግሞ ወርቅ ቤት፣ አልማዝ ቤት፣ ቲሸርት ቤት፣ እንደገና ወርቅ ቤት። አልማዝ ለመግዛት አላስካ ድረስ የሚሄድ ሰው ማን እንደሆነ አልገባኝም፣ ለነገሩ እማዬም ገብታ ዋጋ ጠይቃለች።

ከዛ ወደ ማታ መርከቦቹ እየነፉ አንድ በአንድ ይወጣሉ፣ ወርቅ ቤቶቹ ይዘጋሉ፣ እና የት ተደብቆ እንደዋለ የማይታወቅ ሕዝብ ብቅ ይላል፣ ሁሉም ያቺን ቡናማ ኤክስትራታፍ የሚሏትን የጎማ ቦት አድርጎ፣ ለሥራም ለእራትም እሷው ናት። ጃንጥላ የያዘ ካያችሁ እንግዳ ነው። ሰው ሰላም ይላችኋል፣ "ከየትኛው መርከብ ናችሁ?" ይላል፣ አድረን ነው ስንል ፊቱ ይቀየራል፣ ወንበር ስቦ ያወራችኋል፣ የት እንደሚኬድ የት እንደማይኬድ ይነግራችኋል። ከባሕሩ ዳር ያለው የእግረኛ መንገድ ባዶ ይሆናል፣ ንስሩ መብራት እንጨት ላይ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ፣ ብርሃኑም ቶሎ አይሄድም። እዛው ወደብ ላይ የአንዲት ውሻ ሐውልት አለች፣ ፓትሲ አን ትባላለች፣ በ1930ዎቹ የነበረች ናት፣ ጆሮዋ የማይሰማ ሆና ተወልዳ መርከብ ሲመጣ ግን ከሰው ቀድማ አውቃ ወደቡ ላይ ትቆም ነበር፣ የከተማው ከንቲባ የወደብ ተቀባይ ብሎ ሾሟታል። ቀን ላይ ፎቶ የሚነሳ ሰው ከቧት አትታይም፣ ማታ ሂዱ።

ሜንደንሆል የሚባለው የበረዶ ግግር ከመሀል ከተማ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አስጎብኚዎቹ ለባስ ብዙ ያስከፍላሉ፣ የከተማው አውቶቡስ ግን 2 ዶላር ነው፣ በሩ ድረስ አያደርስም፣ ከወረዳችሁ በኋላ ግማሽ ሰዓት አካባቢ በእግር አለ፣ መንገዱ ሜዳ ስለሆነ እማዬም አልከበዳትም። ከደረሳችሁ ከሩቅ አይታችሁ እንዳትመለሱ፣ ነጌት ፏፏቴ ድረስ ሂዱ፣ ከ100 ሜትር በላይ ከፍታ ነው የሚወርደው፣ ፊታችሁ ላይ ይረጫል። በረዶው ፊት ያለው ሐይቅ የዛሬ መቶ ዓመት አልነበረም፣ ቦታው ራሱ በረዶ ነበር፣ እየቀለጠ ወደ ኋላ ሲሸሽ ነው ሐይቅ የሆነው። ልጆች ላላችሁ፣ ሳልመን የሚባለው ዓሣ በጅረቱ ሽቅብ ሲወጣ ጥቁር ድብ ሊበላው ይመጣል፣ ከእንጨት መተላለፊያው ላይ ሆናችሁ ታዩታላችሁ፣ ምግብ ቦርሳ ውስጥ አትያዙ ብቻ። ኦገስት ላይ የምትሄዱ ደግሞ ዜና እያያችሁ፣ በ2023፣ በ2024 እና በ2025 በሦስቱም ዓመት በዚሁ ወር ከጎን የታቆረው ውሃ በበረዶው ስር ሾልኮ ወንዙ ሰፈር አጥለቅልቋል።

ኬብል ካሩ፣ እዛ ትራም ነው የሚሉት፣ ከወደቡ ተነስቶ ወደ 550 ሜትር ገደማ ሮበርትስ ተራራ ላይ ያወጣል፣ ባለቤቱ ጎልድቤልት የሚባል የአገሬው ተወላጆች ካምፓኒ ነው። ሲወጣ ዛፎቹን አናት አናታቸውን እያያችሁ ነው፣ ግሩም ነው፣ ግን ዋጋው ርካሽ አይደለም፣ እና ጁኖ ደመናው ሁልጊዜ ተራራው ወገብ ላይ ነው። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ቀና በሉ፣ ጫፉ ካልታየ ተዉት ሌላ ቀን ውጡ፣ የሚያድር ሰው ጥቅሙ ይሄ ነው፣ የክሩዙ ሰው ቀጠሮ ስለተያዘለት ጉም ለማየት ይከፍላል። ጉልበት ያለው ደግሞ በደኑ ውስጥ በእግር የሚያወጣ መንገድ አለው፣ በነፃ።

እማዬ የወደደችው ሌላ ነው። ከዳገቱ ላይ ቅዱስ ኒኮላስ የሚባል የሩሲያ ኦርቶዶክስ ቤተክርስቲያን አለ፣ በ1894 የተሠራ፣ ትንሽዬ፣ ከእንጨት፣ ባለ ስምንት ማዕዘን። ክብ ቤተክርስቲያን ለለመደ ሰው እዛ ጫካ ስር ማየቱ ደስ ይላል። ያሠሩት የትሊንጊት ሕዝቦች ናቸው፣ የአገሩ ባለቤቶች፣ ሌሎቹ ሚሲዮኖች በእንግሊዝኛ ካልሆነ ሲሉ ኦርቶዶክሶቹ በቋንቋቸው ስላስተማሯቸው ወደዛ ሄዱ። እማዬ ተሳለመች፣ ከኛ ጋር ይለያያሉ እኮ ብላት "ዝም በል፣ ጾም ላይ ነን" አለችኝ።

ጾሙ ፍልሰታ ነበር፣ እና ምግቡ ላይ የተጣላነው እሱ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ሳልመን አገር ሄዶ መጀመር አይመከርም። እሷ አትበላም፣ ስለዚህ ቆሎና በሶ ይዛ ነው የመጣችው፣ ለሷ ሬስቶራንት ውስጥ የተረፋት ድንች ጥብስና ሰላጣ ነው። እኔ ወደቡ ዳር አንድ ቤት ገብቼ ኪንግ ክራብ የሚሉትን ትልቅ ሸርጣን አዘዝኩ፣ ሥጋው ጣፋጭ ነው አልዋሽም፣ ግን በወረቀት ሳህን አቅርበው ያን ያህል ብር መጠየቅ ድፍረት ነው፣ ሒሳቡ ላይ ደግሞ 5 ፐርሰንት ታክስና ቲፕ ይጨመራል። ከዛ ወዲያ ሃሊበት የሚባል ዓሣ ጥብስ ነው የበላሁት፣ በግማሽ ዋጋ፣ እሱ ይሻላል። ሐበሻ ቤት አላገኘንም። ሱፐርማርኬቱም ውድ ነው፣ ዕቃው በጀልባ ተጭኖ ስለሚመጣ፣ ቡናችሁን ከቤት ያዙ።

ጊዜ ካላችሁ ድልድዩን ተሻግራችሁ ዳግላስ ደሴት ላይ ትሬድዌል የሚባለውን የድሮ ወርቅ ማውጫ እዩ፣ በ1917 ባሕር ገብቶበት ተደርምሶ የቀረ ነው፣ አሁን ፍርስራሹ መሀል ትልልቅ ዛፍ በቅሏል፣ የመግቢያ ክፍያ የለውም።

ዝናቡን አትፍሩት፣ እንደኛ ክረምት የሚጮህ አይደለም፣ ቀስ ብሎ ቀኑን ሙሉ ያርሳል፣ ውሃ የማያስገባ ጃኬትና ጫማ ካላችሁ በቃ። ሆቴል ትንሽ ስለሆነ ለሰመር ቀድማችሁ ያዙ። የመመለሻ በረራችሁን ደግሞ ሰኞ ጠዋት ሥራ ካላችሁ እሁድ ማታ አታድርጉት፣ ጉሙ ከወረደ እዛው ናችሁ፣ የምትነዱበት መንገድ የለም።