የጦር መሣሪያ ሱቅ ያላችሁ ወይም ልትከፍቱ ያሰባችሁ ወገኖች፦ የካርድ ክፍያ መቀበያ ኮንትራት ከመፈረማችሁ በፊት ይህን አንብቡ

እዚህ አሜሪካ የጦር መሣሪያ ወይም የአደን ዕቃ ሱቅ ያላችሁ፣ ለመክፈትም የምታስቡ፣ እባካችሁ ይህን ሳታነቡ ምንም ወረቀት ላይ እንዳትፈርሙ። እኔ የትንንሽ ንግዶችን ሒሳብ ነው የምሠራው። ቨርጂኒያ ያለ አንድ ወዳጄ ላይ የደረሰው ነገር አንጀቴን አሳርሮታል። ሌላው ሰው ይጠንቀቅበት ብሎ እንድጽፈው የፈቀደልኝም እሱ ነው።

ወዳጄ ሁሉንም በወጉ ነው ያደረገው። የጦር መሣሪያ ንግድን ከሚቆጣጠረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ ከኤቲኤፍ፣ የሻጭነት ፈቃድ አወጣ። ለመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት 200 ዶላር ከፈለ፣ አሻራ ሰጠ፣ ተጣርቶ አለፈ። ከዚያ ለካርድ ክፍያ በኢንተርኔት ቶሎ የሚከፈተውን ዓይነት አገልግሎት ያዘ። የንግዱን ዓይነት ሲጠይቁት «የስፖርት ዕቃ» የሚለውን መረጠ። መጀመሪያ ላይ ጫማና ድንኳን ስለሚሸጥ ምንም አልሆነም። ጠመንጃ መሸጥ ሲጀምር ግን አንድ ኢሜይል መጣ። አካውንቱ ተዘጋ። ውስጡ የነበረውም ገንዘብ ተያዘ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚሳሳተው ነገር አለ። «ፈቃድ አለኝ፣ ሥራዬ ሕጋዊ ነው፣ እንዴት ይከለክሉኛል?» ይላል። እውነት ነው፣ ሥራው ሕጋዊ ነው። ከልካዩ ግን መንግሥት አይደለም፣ ኩባንያው በራሱ ደንብ ነው የሚከለክለው። ፔይፓል በአጠቃቀም ደንቡ የጦር መሣሪያና ጥይት ሽያጭን አይፈቅድም። ስኩዌር የተባለው የካርድ ክፍያ ኩባንያም እ.ኤ.አ. በ2013 ይህንኑ ክልከላ በስምምነቱ ውስጥ አስገብቷል። ስትራይፕ ዘንድም የጦር መሣሪያ ከተከለከሉት ንግዶች ተርታ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ፔይፓል ደንቡን ጥሷል ያለውን ደንበኛ ገንዘብ እስከ 180 ቀን ይዞ ማቆየት ይችላል። ስድስት ወር ማለት ነው። ኪራይ የሚከፍል ሰው ስድስት ወር ከየት ያመጣል?

የባሰው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ እኔንም ያስጻፈኝ እሱ ነው። ወዳጄ ገንዘቡ ተይዞ፣ ካርድ መቀበል አቅቶት ሲጨነቅ አንድ የሽያጭ ወኪል ሱቁ ድረስ መጣ። ትሁት ሰው ነው። «የናንተን ንግድ ማንም አይቀበልም፣ እኛ ግን ልዩ ፕሮግራም አለን» አለው። ክፍያው ከ2 በመቶ በታች እንደሆነ ነገረው። የካርድ ማሽኑንም «በነፃ ነው የምንሰጥህ» አለው። ወዳጄ በታብሌት ላይ በጣቱ ፈረመ። ወረቀቱ በኢሜይል የደረሰው ከፈረመ በኋላ ነው።

ወረቀቱን እኔ ነኝ ቁጭ ብዬ ያነበብኩት። አንድ ኮንትራት መስሎት የፈረመው ሁለት ኮንትራት ነው። አንደኛው የካርድ ክፍያውን ከሚያስተናግደው ኩባንያ ጋር ነው። ሁለተኛው ከሌላ፣ ስሙን እንኳ ሰምቶት ከማያውቀው የማሽን አከራይ ጋር ነው። ኪራዩ በወር 79 ዶላር፣ ለ48 ወር፣ ሊሰረዝ የማይችል። ደምሩት፣ 3,792 ዶላር ይመጣል። ማሽኑን ራሱን 300 ዶላር አካባቢ አዲስ ገዝታችሁ የራሳችሁ ማድረግ ትችላላችሁ። በዚያ ላይ የግል ዋስትና አለበት። ሱቁ ቢዘጋ እንኳ ዕዳው በራሱ ስም ይከተለዋል። «ከ2 በመቶ በታች» የተባለውም ለአንዳንድ የዴቢት ካርዶች ብቻ ነው። ደንበኛው ነጥብ የሚያስገኝ ክሬዲት ካርድ ካወጣ ዋጋው ወደ ሌላ እርከን ይዘላል። ከዕለት ሽያጩ 10 በመቶ ደግሞ፣ ደንበኛ ክፍያውን ክዶ ገንዘቡ ቢመለስለት መሸፈኛ እንዲሆን፣ ለስድስት ወር በመጠባበቂያ ይያዛል።

መጠባበቂያ መያዝ በራሱ ማጭበርበር አይደለም። ከፍተኛ ስጋት አለበት በሚባል ንግድ ላይ ከ5 እስከ 10 በመቶ መያዝ የተለመደ ነው። እኔን የሚያናድደኝ ሳይነግሩ መያዙ ነው። ደግሞስ ስጋቱ የቱ ጋ ነው? ጠመንጃ የሚገዛ ሰው ከሱቁ ሲወስድ መታወቂያ ያሳያል፣ ፎርም 4473 ይሞላል፣ ይፈርማል፣ ስሙ ተጣርቶ ነው የሚረከበው። በኢንተርኔት ከሌላ ግዛት ቢገዛ እንኳ ዕቃው ፈቃድ ወዳለው ሻጭ ተልኮ ነው የሚያገኘው። «እኔ አልገዛሁም» ብሎ ለመካድ ከዚህ የሚከብድ ግብይት ብዙ የለም። ስለዚህ «አደገኛ ንግድ ስለሆንክ ነው» ሲሏችሁ አንገታችሁን አትድፉ። ተከራከሩ።

አሁን አሁን ወኪሎቹ ሌላም ወሬ ይዘው ይመጣሉ። «ሕጉ ተቀይሯል፣ ከእንግዲህ ማንም አይዘጋባችሁም» ይላሉ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ባንኮች በፖለቲካ ምክንያት ደንበኛ እንዳያገሉ የሚል ትዕዛዝ መፈረማቸው እውነት ነው። ሲቲ ባንክም ከፓርክላንዱ የትምህርት ቤት ግድያ በኋላ በ2018 ያወጣውን የጦር መሣሪያ ሽያጭን የሚገድብ ፖሊሲ በሰኔ 2025 ትቶታል። ይህ ሁሉ ግን እናንተ የፈረማችሁትን ኮንትራት አንድ መስመር አይቀይርም።

የወኪሉ ነገር አዲስ አይደለም፣ በጦር መሣሪያ ሻጮችም አይወሰንም። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2022 ፈርስት አሜሪካን ፔይመንት ሲስተምስ የተባለውን ኩባንያ የመውጫ ክፍያ ደብቋል፣ ነጋዴዎች ካቋረጡ በኋላም ከሒሳባቸው መውሰዱን ቀጥሏል ብሎ ከሶት ነበር። ብዙዎቹ ነጋዴዎች እንግሊዝኛ በደንብ የማይችሉ እንደነበሩም ክሱ ላይ ተጽፏል። ጉዳዩ 4.9 ሚሊዮን ዶላር እንዲመለስ በስምምነት አልቋል። እኛም እንግሊዝኛችን የሱቅ እንጂ የኮንትራት ያልሆነ ብዙ ነን። ስለዚህ ንግዳችሁ «ከፍተኛ ስጋት አለበት» የሚባልባችሁ የሺሻ ቤት ያላችሁም፣ የጉዞ ወኪሎችም ይህን ልብ በሉልኝ።

ምን ይደረግ? ከሁሉ በፊት ንግዳችሁን በስሙ ጥሩት። ጠመንጃና ጥይት እንደምትሸጡ ለኩባንያው በጽሁፍ ንገሩ፣ መልሱንም በጽሁፍ ተቀበሉ። መደበቅ ገንዘብ ከማስያዝም አልፎ ማች በሚባለው፣ የካርድ ኮንትራታቸው የተቋረጠባቸው ነጋዴዎች በሚሰፍሩበት የማስተርካርድ መዝገብ ላይ ሊያሰፍራችሁ ይችላል። እዚያ የገባ ስም 5 ዓመት ይቆያል፣ ሌላ ባንክም ሲያየው ፊቱን ያዞራል። የጦር መሣሪያ ሻጮችን በግልጽ የሚያስተናግዱ ኩባንያዎች አሉ። ፈቃድ ያላቸውን ሌሎች ሱቆች በማን እንደሚሠሩ ጠይቁ፣ የወር መግለጫቸውንም እንዲያሳዩዋችሁ ለምኑ። ዋጋ ስትጠይቁ «ኢንተርቼንጅ ፕላስ ስጡኝ» በሉ። ካርዱ በእውነት የሚያስከፍለውና የኩባንያው ትርፍ ለየብቻ ተጽፎ ይመጣላችኋል። ማሽን ግዙ እንጂ አትከራዩ። በታብሌት አትፈርሙ፣ ወረቀቱን ይዛችሁ ቤት ግቡ።

የፈረማችሁ ካላችሁ ደግሞ ዝም አትበሉ። ኮንትራቱ ራሱን የሚያድስበትን ቀን ፈልጉና ከዚያ በፊት የማቋረጫ ደብዳቤ በሪኮማንዴ ላኩ። ወኪሉ በቃል ያላችሁን ሁሉ ከነቀኑ ጻፉት። ለፌዴራል ንግድ ኮሚሽንና ለግዛታችሁ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ አቤቱታ ማስገባት በነፃ ነው። የወዳጄን እኛ አስገብተናል። ኮንትራት ይዛችሁ ያልገባችሁ አንቀጽ ካለ ስማችሁንና የሒሳብ ቁጥራችሁን ሸፍናችሁ ላኩልኝ፣ አብረን እናነበዋለን።