የሆፒ ታይል ወይስ የሳን ኢልዴፎንሶ ጥቁር ታይል?

ሁለቱም የሸክላ ታይል ናቸው፣ የሚሰሯቸውም ፑዌብሎ ከሚባሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ናቸው፣ ግን ሆፒዎቹ አሪዞና ሳን ኢልዴፎንሶዎቹ ደግሞ ኒው ሜክሲኮ ሪዮ ግራንዴ ወንዝ አጠገብ ናቸው፣ እና ስራቸው ሲታይ በጣም ነው የሚለያየው።

የሆፒው ታይል ታሪኩ ግልፅ ነው፣ ቶማስ ኪም የሚባል ነጋዴ አሪዞና ውስጥ ኪምስ ካንየን የሚባል ቦታ ሱቅ ነበረው እና በ1880ዎቹና 90ዎቹ የሆፒ ሴቶችን ታይል አሰራቸው፣ ምክንያቱም ባቡሩ ቱሪስት ማምጣት ጀምሮ ነበር፣ ጠፍጣፋ ነገር ደግሞ ከእንስራ ይልቅ ሻንጣ ውስጥ ለመክተት ይመቻል። ላዩ ላይ የካቺና (የሆፒዎች መንፈስ) ፊት ይስላሉ፣ ብሩሹ ዩካ ከሚባል ተክል ቅጠል ነው፣ ጥቁሩ ቀለም ተክል ቀቅለው ያወጡት ነው። በበግ በጠጥ ሲተኮስ ግራጫው አፈር ቢጫና ብርቱካንማ ይሆናል፣ ያም ቀለም አንዱ ታይል ላይ እንኳ አንድ አይነት አይደለም፣ እሳቱ የነካበት ቦታ ይታያል፣ እኔ የምወደው ይሄንን ነው!!

ሳን ኢልዴፎንሶ ግን ቀይ አፈር ነው፣ በለስላሳ ድንጋይ እስኪያበራ ይፈገፈጋል፣ ከዛ እሳቱን በደቀቀ የፈረስ ፋንድያ ያፍኑታል፣ አየር ሲያጣ ጭሱ ገብቶ ጥቁር ያደርገዋል። የሚያብረቀርቅ ላይ ደብዛዛ ስዕል የማድረጉን ዘዴ የሳን ኢልዴፎንሶዎቹ ማሪያ እና ባሏ ጁሊያን ማርቲኔዝ ናቸው በ1919 አካባቢ ያወጡት፣ እሷ ትሰራ እሱ ይስል ነበር።

ታይል ሲደርቅ ይጣመማል፣ ሁለቱም ጋ ያው ነው ችግሩ። ግን ስዕል ለሚወድ ሰው ሆፒው ይሻላል፣ ጥቁሩ እንስራ ላይ ነው የሚያምረው፣ ብርሃኑ ክቡ ላይ ሲዞር።