«ዕድሜ ልክ ያገለግላል» የተባለው የሽንት ቤት ብሩሽ አራት ወር አልሞላውም

ጠፍጣፋ የሲሊኮን ጭንቅላትና የሚያብረቀርቅ እጀታ ያለውን የሽንት ቤት ብሩሽ ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ይህን ሳታነቡ እንዳትከፍሉ።

እኔ ከፍያለሁ። ያውም ለሁለት። «ሁለት ሲገዙ ይቀንሳል» የምትለዋ ነገር ነች የሸወደችኝ። ማስታወቂያው እጀታው የማይዝግ ብረት ነው፣ ጸጉሩ አይረግፍም፣ ጀርም አይዝም፣ ዕድሜ ልክ ያገለግላል ይላል። የማን ዕድሜ እንደሆነ ግን አልተጻፈም።

መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም። ሦስተኛው ሳምንት ገደማ ነጩ ሴራሚክ ላይ ቡናማ ጠብታ ማየት ጀመርኩ። የቤቱን ሰው ሁሉ ተራ በተራ ጠረጠርኩ፤ ሁለቱን ተቆጣሁ። ጠብታው ከብሩሹ እንደሚመጣ የገባኝ አንድ ቀን ብሩሹን አንስቼ ዘቅዘቅ ሳደርገው ነው፤ ከእጀታው ውስጥ ቀይ ውሃ እጄ ላይ ፈሰሰ።

ስፈታታው ጉዱ ወጣ። እጀታው አንድ ወጥ ብረት አይደለም፤ እየተጠመዘዙ የሚገጣጠሙ ሦስት ቁራጭ ቱቦዎች ነው። ውጩ በስሱ ክሮም የተለበጠ ተራ ብረት ሲሆን ውስጡ ምንም አልተቀባም። ውሃ በየመገጣጠሚያው ሾልኮ ይገባል፤ መውጫ ስለሌለው እዚያው ይቀመጣል፤ ብረቱም ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል። ላዩ እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ እያብረቀረቀ ነበር።

ከዚያ ጠንከር አድርጌ ስፈትግ አንገቱ ላይ ቀጭ አለና ጭንቅላቱ ውሃው ውስጥ ቀረ። እንዴት እንዳወጣሁት አልተርክላችሁም። እናንተ ግን ይህ ከገጠማችሁ ውሃ እንዳትለቁበት፤ መታጠፊያው ላይ ከተቀረቀረ ጣጣው የብሩሽ ብቻ አይሆንም።

ሻጩን ሳነጋግረው የመለሰልኝ፣ «አሲድ ባለው ማጽጃ ከተጠቀሙ ዋስትናው አይሠራም» ብሎ ነው። የሽንት ቤት ብሩሽ ነው እኮ! ዝናብ ካገኘው ዋስትና የለውም እንደሚባል ጃንጥላ ማለት ነው። እሺ፣ ጭንቅላቱን ብቻ ሽጥልኝ አልኩት፤ ለብቻው አይሸጥም አለኝ። የሌላ ብሩሽ ጭንቅላት ልግጠም ብዬ ሞከርኩ፤ የሚጠመዘዝበት ጥርስ ከምንም ጋር አይገጥምም። የብሩሽ ጭንቅላት የሚያልቅ ነገር ስለሆነ፣ መለዋወጫው ለብቻው የማይገኝ ከሆነ ጭንቅላቱ ባለቀ ቁጥር ሙሉ ዋጋ ከፍላችሁ እንደ አዲስ መግዛታችሁ ነው። መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብኝ ይህን ነበር።

ለሻጩም ቢሆን ሐቁን ልስጠው፤ ስለ አሲድ ያለው ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። ጠንካራ የሽንት ቤት ማጽጃዎች ውስጥ የሚገባው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ እውነተኛ የማይዝግ ብረትንም ያጠቃል። በረኪናም ቢሆን ብረት ላይ ከቆየ ያቆስለዋል። ታዲያ ብረቱ ምን ሊያደርግ መጣ? ከላይ እስከ ታች ወጥ የሆነ፣ ወፈር ያለ የፕላስቲክ እጀታ ለዓይን ባያምርም የሚዝግ ነገር የለውም። ማግኔት አስጠግታችሁ ለዩ የሚሏችሁም አሉ፤ ማግኔት የሚስበው የማይዝግ ብረት ስላለ በዚያ ብቻ አትፍረዱ። ይልቅ መገጣጠሚያውን ፈታችሁ ውስጡን እዩት። አልፈታም ያለ ሻጭ ካለ መልሱን ሰጥቷችኋል።

አሁን ስለ ሲሊኮኑ። ቪዲዮው ላይ ነጭ ሳህን ላይ የፈሰሰ ቀለም በአንድ ጊዜ ጥርግ ሲል ያሳያሉ። ይጠርጋል! እርጥብ ቀለምን እርጥብ ጨርቅም ይጠርገዋል። ሽንት ቤት ውስጥ የሚያስቸግረው ግን እሱ አይደለም፤ ውሃው ይዞት የሚመጣው ካልሲየም ከሽንቱ ማዕድን ጋር እየተጋገረ የሚሠራው ቅርፊት ነው። ድንጋይ ነው ማለት ይቻላል። የሲሊኮኑ ለስላሳ ጥርሶች ሲደርሱበት ጎንበስ ብለው ያልፉታል። ለፍትሕ ያህል፣ ሲሊኮን ውሃ አይመጥም፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ቆሻሻም ብዙ አይዝም። ውሃችሁ ቅርፊት የማይሠራ ከሆነና በየቀኑ ጠረግ ጠረግ የምታደርጉ ከሆነ ይበቃችኋል። የተጋገረውን ያነሳል ያላችሁን ግን አትመኑ። ጠፍጣፋው ጭንቅላት ደግሞ ውሃው ከሚወርድበት ጠርዝ ስር አይገባም፤ ዋናው ቆሻሻ ያለው እዚያ ነው። ከጎኑ ወጣ ያለች ትንሽ ጸጉር ያላት ክብ ብሩሽ ይሄን ሥራ በደንብ ትሠራዋለች።

ጸጉር ላለው ብሩሽ ደግሞ ጸጉሩ ከምን እንደተሠራ እዩ። ሁሉም «ፕላስቲክ» ይባላል እንጂ አንድ አይደለም። ናይለን በ1938 እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር መጀመሪያ ገበያ የወጣው የጥርስ ብሩሽ ጸጉር ሆኖ ነው፤ ለብሩሽ የተፈጠረ ይመስላል። ነገር ግን ውሃ ስለሚመጥ እየለሰለሰ ይሄዳል፣ ጠንካራ አሲድም ይበላዋል። ፖሊፕሮፒሊን ውሃ አይመጥም ማለት ይቻላል፣ አሲዱንም ይችላል። ቅርፊት በአሲድ የምታስለቅቁ ከሆነ ይህኛው ይሻላችኋል። መለየት ቀላል ነው፦ አንድ ጸጉር ቁረጡና ጠብታ ሳሙና ባለበት ውሃ ውስጥ በጣታችሁ አስምጡት። ተመልሶ ከተንሳፈፈ ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ናይለን ከውሃ ስለሚከብድ ይሰምጣል። እኔ አሁን ቤት ያለውን ብሩሽ ሁሉ እየቆረጥኩ አስምጫለሁ፤ ሰው ሲሰማ ይስቃል።

ጸጉሩ በተጠማዘዘ ሽቦ ላይ የተሰካ ከሆነ የሽቦው ጫፍ በፕላስቲክ መሸፈኑን አረጋግጡ። የተጋለጠ ሽቦ ሴራሚኩን ይጭረዋል፣ ይዝጋልም። በብረት ብሩሽ መፈተግማ ጭራሽ አይሞከር፤ የሴራሚኩ ለስላሳ ልባጥ አንዴ ከተጫረ ቆሻሻ እዚያው እየያዘ ያስቸግራል።

ያላሰብኩበትና በጣም ያስደነገጠኝ ግን ማስቀመጫው ነው። ከብሩሹ ጋር የመጣው ዙሪያውን የተዘጋ፣ ታቹ የማይወልቅ ቱቦ ነው። ከብሩሹ የሚንጠባጠበው ሁሉ እዚያ ይጠራቀማል፤ ሽታው የትም አልነበረም፣ እዚያ ነበር። በዚያ ላይ ከብሩሹ ጋር የመጣው ወረቀት «ማስቀመጫው ውስጥ ማጽጃ ይጨምሩ» ይላል። አሲድ የነካው ብሩሽ የቆመበት ቱቦ ውስጥ በረኪና ብትጨምሩ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ነው፤ ሳንባ ይጎዳል። በረኪናና አሲድ በምንም መንገድ አንድ ላይ አይሁኑ፤ ማስቀመጫው ደግሞ ሳታውቁት የሚገናኙበት ቦታ ነው። አየር የሚያስገባ፣ ታቹ ወልቆ የሚታጠብ ማስቀመጫ ፈልጉ። ብሩሹንም ከታጠበ በኋላ እጀታውን በመቀመጫው ክዳን ስር አስይዛችሁ ጭንቅላቱን ወደ ውስጥ አንጠልጥሉት፤ ተንጠፍጥፎ ሲያበቃ ብቻ ወደ ማስቀመጫው መልሱት።

ዝገቱ ሴራሚኩ ላይ ለታተመባችሁ፦ በረኪና አያስለቅቀውም፣ እኔ አንድ ጠርሙስ ሙሉ በከንቱ ጨርሻለሁ። ሲትሪክ አሲድ ነው የሚያስለቅቀው። በረኪና አድርጋችሁ ከነበረ ግን መጀመሪያ ደጋግማችሁ ውሃ ልቀቁበት።

ሁለተኛው ብሩሽ አሁንም ካርቶኑ ውስጥ ነው፤ ሻጩ «ጥንድ ስለሆነ አንዱን ብቻ አልመልስም» ብሏል። ይኸው ዕቃ በሌላ ስምና በሌላ ቀለም ሲሸጥ አይቻለሁ። መለያው ይህ ነው፦ ሦስት ቦታ የሚገጣጠም ብርማ እጀታ፣ እንደ ማንኪያ የጠፈጠፈ የሲሊኮን ጭንቅላት፣ ታቹ የማይወልቅ ረጅም ቱቦ። ሌላ ቦታ ካያችሁት የሚሸጥበትን ስም እዚህ ሥር ጻፉልን።